በወተት ውስጥ የሚሸሸገው መርዝና የሚያጋልጠው ብርሃን

አንባቢ ሆይ፤ ዛሬ ጧት ከቤትዎ ሲወጡ ወተት ጠጥተው እንደ ሆነ፥ ምኑን አይተው ጠጡት? መቼም ሰው ወተት ሲገዛ የሚያደርገው የታወቀ ነው። ነጭነቱን ያያል፤ አሽትቶ አለመኮምጠጡን ያረጋግጣል፤ ውሃ እንዳልተቀላቀለበት በጣቱ ጠብ አድርጎ ይፈትናል፤ ከዚያም አፍልቶ ይጠጣል። ከፈላ ወዲያ ሥጋት የለበትም። እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከዚህ የተለየ ጥንቃቄ አልነበረኝም። ኬሚስትሪ አስተማሪ ሆኜ ይህን መናገር ያሳፍራል፤ ነገር ግን እውነቱ ይኸው ነው።

ከእነዚህ ፈተናዎች ሁሉ የሚያመልጥ አንድ መርዝ አለ። በወተት ውስጥ ቀለሙ አይታይም፤ አይሸትም፤ ጣዕሙን አይለውጥም፤ ወተቱን አይቆርጠውም፤ ቢያፈሉትም አይጠፋም። ስሙ አፍላቶክሲን ይባላል። የሚሠራው ሻጋታ ነው፤ ሻጋታው ግን የበቀለው በወተቱ ላይ አይደለም። ከወተቱ ብዙ ቀን አስቀድሞ ከላሚቱ መኖ ላይ በቅሎ፥ መርዙን እዚያው ጥሎ አልፏል።

ነገሩን እንድመረምር ያስገደደኝ በክፍል ውስጥ የሆነ ነገር ነው። ስለ ብርሃን በማስተምርበት ሳምንት፥ ሐሰተኛ ብር የሚለዩባትን ትንሽ መብራት ከአንድ ባለሱቅ ተውሼ ይዤ ገባሁ። ይህች መብራት አልትራቫዮሌት የሚባለውን፥ ከሐምራዊ ቀለም ማዶ ያለውንና ዓይናችን የማያየውን ብርሃን ትሰጣለች። መስኮቶቹን በተማሪዎቹ ጋቢ ጋርደን መብራቷን ስናበራ፥ በሳሙና ዱቄት የታጠበው ነጭ ሸሚዝ ሁሉ ሰማያዊ ሆኖ ቦግ አለ። በብርጭቆ የቀዳሁት ቶኒክ ውሃም እንደ ጥርት ያለ ሰማይ አበራ፤ በውስጡ ያለው ኪኒን ነው እንዲህ የሚያደርገው። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። በዚህ ጊዜ ከሁሉ ይልቅ ብልህ፥ ከሁሉም ይልቅ ችኩል የሆነው አንዱ፥ ከበሩ ማዶ ካለው ሻይ ቤት ወተት በብርጭቆ አምጥቶ ከመብራቷ ሥር አስቀመጠ። ወተቱ ፈዘዝ ያለ ብርሃን አሳየ። ልጁ ስለ ሻጋታ መርዝና ስለ ብርሃኑ አንድ ቦታ አንብቦ ኖሮ፥ «መርዝ አለበት!» ብሎ ጮኸ።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ፤ ወዲያው ግን ሁሉም ወደ መጨረሻው ወንበር ዞረ። እዚያ የሚቀመጠው ተማሪ እናቱ ሁለት ላሞች አሏቸው፤ ለሻይ ቤቱ ወተት የሚያቀርቡት እሳቸው ናቸው፤ የልጁ ደብተርና ጫማ የሚገዛውም ከዚያው ነው። ልጁ አንገቱን ደፋ።

እኔም ወተት በተፈጥሮው ጥቂት እንደሚያበራ፥ ሪቦፍላቪን የሚባለው ቫይታሚንና ራሱ ፕሮቲኑ ለዚህ ብርሃን ምላሽ እንደሚሰጡ፥ የተባለው መርዝ ቢኖርም እንኳ በዚህች መብራት ሊታይ የማይችል ኢምንት መሆኑን አስረዳሁ። ልጁ ቀና አለ። ይሁን እንጂ ያስረዳሁት መብራቷ ምስክር መሆን እንደማትችል ብቻ ነው፤ ወተቱ ንጹሕ ነው ማለቴ አልነበረም። በዚያ ሌሊት ለማንበብ ተቀመጥሁ።

የታሪኩ መነሻ እንግሊዝ አገር ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1960 ዓ.ም. (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በዚያ አገር ተርኪ የሚባሉት ትልልቅ ዶሮዎች በድንገት ይረግፉ ጀመር። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100,000 በላይ ሞቱ። ሐኪሞቹ ተዋሲ ቢፈልጉ አጡ፤ መንሥኤው ስላልታወቀም በሽታውን «የተርኪ ኤክስ በሽታ» አሉት፤ በአልጀብራ ያልታወቀው ቁጥር ኤክስ እንደሚባል ማለት ነው። ከብዙ ፍለጋ በኋላ የሞቱት ሁሉ የበሉት መኖ ተመረመረ፤ ከብራዚል በመርከብ የመጣ የኦቾሎኒ ፋጉሎ ነበረበት። በፋጉሎው ላይ አስፐርጊለስ ፍላቩስ የሚባል ሻጋታ በቅሎ ነበር። መርዙም ከሻጋታው ስም «አ»ንና «ፍላ»ን ወስዶ፥ መርዝ ማለት የሆነውን «ቶክሲን» ጨምሮ አፍላቶክሲን ተባለ።

እዚህ ላይ ለእኛ ነገር ዋና የሆነ አንድ ግኝት አለ። ኬሚስቶቹ ከፋጉሎው የወጣውን መርዝ አጣርተው ከአልትራቫዮሌት ብርሃን ሥር ሲያዩት፥ አንዳንዱ ጠብታ ሰማያዊ፥ አንዳንዱ አረንጓዴ ሆኖ አበራ። ከእንግሊዝኛው የቀለሞች ስም የመጀመሪያውን ፊደል እየወሰዱ ሰማያዊዎቹን ቢ 1 እና ቢ 2፥ አረንጓዴዎቹን ጂ 1 እና ጂ 2 ብለው ጠሯቸው። ከሁሉ የከፋው ቢ 1 ነው። መርዙ ከተገኘበት ቀን ጀምሮ የገዛ ራሱ ብርሃን ሲያጋልጠው ኖሯል ማለት ነው።

ይህ ብርሃን ፍሎረሰንስ ይባላል። ስሙን ያወጣው በ1852 የካምብሪጁ ሊቅ ጆርጅ ስቶክስ ሲሆን፥ እሱም እንደኛ ክፍል ኪኒን በበጠበጠበት ውሃ ነበር የሞከረው። ነገሩን በገንዘብ ብንመስለው ይቀላል። አንድ ሰው 100 ሳንቲም ተቀብሎ 14ቱን በመንገድ ላይ ጣለ፤ 86ቱን መለሰ እንበል። የአፍላቶክሲን ቅንጣትም በ365 ናኖሜትር የመጣውን የማይታይ ብርሃን ተቀብላ ጥቂቱን ኀይል በሙቀት መልክ ትጥልና፥ የቀረውን ደከም ባለ፥ ወደ 425 ናኖሜትር በተጠጋ ሰማያዊ ብርሃን ትመልሳለች። ደከም ስላለ ነው ዓይናችን ሊያየው የሚችለው።

ወደ ላሚቱ እንመለስ። የተርኪው ነገር ከታወቀ ከሦስት ዓመት በኋላ፥ በ1963፥ እንግሊዞቹ አልክሮፍትና ካርናገን መርዛሙን ፋጉሎ ላሞችን አብልተው ወተቱን ለዳክዬ ጫጩቶች ሰጡ። የጫጩቶቹ ጉበት ልክ ፋጉሎውን ራሱን እንደበሉት ሁሉ ተጎዳ። ላሚቱ ግን ደኅና ነበረች። የሆነው ይህ ነው፦ የላሚቱ ጉበት ቢ 1ን ለማስወገድ ሲታገል አንዲት የኦክሲጅን አቶም ይጨምርበታል፤ ክብደቱም ከ312 ወደ 328 ይወጣል፤ በዚህ መልክ ከወተቱ ጋር ይወጣል። አዲሱ መልክ ወተት በእንግሊዝኛ በሚጠራበት ቃል የመጀመሪያ ፊደል ኤም 1 ተባለ። ላሚቱ ሻጋታውን በበላች በአንድ ቀን ውስጥ ወተቷ ላይ ይታያል፤ መኖው ቢለወጥ ደግሞ በሦስት ወይም በአራት ቀን ገደማ ይጠፋል። ይህን የመጨረሻውን ነገር ያስታውሱልኝ፤ ኋላ እንፈልገዋለን።

ኤም 1 ነቀርሳ በማምጣት ኀይሉ የቢ 1 አንድ ዐሥረኛ ያህል ነው ተብሎ ይገመታል። «ታዲያ ምን ያሳስባል?» ይሉኝ ይሆናል። የሚያሳስበው ጠጪው ነው። ወተትን ከሁሉ ይልቅ የሚጠጡት ሕፃናት ናቸው፤ ሰውነታቸው ትንሽ፥ የሚጠጡት ብዙ ነው። አፍላቶክሲን የጉበት ነቀርሳ እንደሚያመጣ በዓለም የጤና ሊቃውንት ዘንድ የተረጋገጠ ነው፤ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ባለበት ሰው ላይ ደግሞ አደጋው እጅግ ይበረታል። ብዙ ሆኖ በአንድ ጊዜ ሲገባ በቀናት ውስጥ ይገድላል፤ በ2004 በኬንያ ምሥራቃዊ ክፍል የሻገተ በቆሎ ከበሉት ውስጥ 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞተዋል። በወተት የሚገባው ግን እንዲህ አይገድልም፤ ቀስ እያለ ዓመታት ይወስዳል። ስለዚህም ማንም አያለቅስበትም፤ ጋዜጣም አይጽፍበትም።

አሁን ስለ መጠኑ ጥቂት ሒሳብ እንሥራ፤ እርሳስ ያንሡ። የአውሮፓ ኅብረት በአንድ ኪሎ ወተት ውስጥ የፈቀደው የኤም 1 መጠን ከ0.05 ማይክሮግራም አይበልጥም። ማይክሮግራም የአንድ ግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። እንግዲህ አንድ ግራም ብቻ፥ በሻይ ማንኪያ ጫፍ የሚነሣ ስኳር የምታህል፥ 20 ሚሊዮን ሊትር ወተት እስከዚህ ወሰን ታደርሳለች ማለት ነው። ኮዴክስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደንብና አሜሪካ ለቀቅ አድርገው 0.5 ፈቅደዋል፤ ይህም ዐሥር እጥፍ ነው። ልዩነቱ ከሳይንሱ ይልቅ ከአገሮች አቅም የመጣ ይመስለኛል። በ2012 ድርቅ ሰርቢያን መትቶ በቆሎዋ በሻጋታ በተበከለ ጊዜ፥ በ2013 ወተቷ ከወሰኑ አለፈ፤ መንግሥቷም ወተቱን ሁሉ ከማስደፋት ይልቅ ወሰኑን ከ0.05 ወደ 0.5 ከፍ አደረገ። አንባቢ ሆይ፤ እርስዎ በዚያ ወንበር ላይ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?

ወደ አገራችን ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ይቀርበናል። የከተማ ላም ሣር የላትም፤ የምትበላው ፍሩሽካ፥ አተላና የኑግ ፋጉሎ ነው። ፋጉሎ ሥጋ የሚያለብስ፥ ወተት የሚያበዛ መልካም መኖ ነው፤ ነገር ግን ከዘይት መጭመቂያው ወጥቶ በጆንያ ታጭቆ ርጥበት ባለው መሬት ላይ ሲከርም ሻጋታው ይወደዋል። በ2016 ታትሞ የወጣ አንድ ጥናት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ከተሰበሰበ ወተት 110 ናሙና መርምሮ ነበር። ከነዚህ ውስጥ ከአውሮፓው ወሰን ያላለፉት 9 ብቻ ናቸው። 29ኙ ደግሞ ከአሜሪካው ሰፊ ወሰን እንኳ አልፈው ተገኙ፤ ከሁሉ የከፋው በሊትር 4.98 ማይክሮግራም ነበረው። ከተመረመሩት 156 የመኖ ናሙናዎች ቢ 1 ያልተገኘበት አንድም አልነበረም፤ ዋናው ምንጭም በኪሎ ከ290 እስከ 397 ማይክሮግራም የተገኘበት የኑግ ፋጉሎ ነበር።

እርሳሱን ገና አያስቀምጡት። አንዲት ላም በቀን ሁለት ኪሎ ፋጉሎ ብትበላና በኪሎው 300 ማይክሮግራም ቢኖርበት፥ የገባው 600 ነው። ከዚህ ከመቶ ሁለቱ ወደ ወተት ቢያልፍ 12 ይሆናል። ላሚቱ 10 ሊትር ብትታለብ በሊትር 1.2 ይደርሳል፤ ይህም የአውሮፓው ወሰን 24 እጥፍ ነው። ሒሳቡን በሰሌዳ ላይ ስንሠራ ተማሪዎቹ ዝም አሉ።

ማፍላት ምን ይረዳል? ምንም። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ በታች በመሆኑ አይደለም፤ 100ም ቢሞላ መርዙ አይበገርለትም። እርጎ ቢሆንም አይጠፋም። አይብ ላይ እንዲያውም ይብሳል፤ ኤም 1 ኬዚን ከሚባለው የወተት ፕሮቲን ጋር ስለሚጣበቅ፥ ወተቱ ረግቶ ሲጠነክር በአይቡ ውስጥ ሁለት ሦስት እጥፍና ከዚያም በላይ ይጠራቀማል። ወደ ቅቤው የሚሄደው ጥቂት ነው።

እንግዲህ ያለው መንገድ መርምሮ ማወቅ ነው። በትልልቅ ላቦራቶሪዎች ወተቱ ተጣርቶ፥ መርዙን ብቻ በሚይዝ ቱቦ ውስጥ አልፎ፥ ክሮማቶግራፍ በሚባል መሣሪያ ይለያል፤ በመጨረሻም ያ የታወቀው ሰማያዊ ብርሃን ይለካል። ፍርዱ የታመነ ነው። ነገር ግን መሣሪያው ውድ፥ ባለሙያው ጥቂት ነው፤ ውጤቱም እስኪመጣ ወተቱ ተጠጥቶ ያልቃል። በአንዳንድ ወተት ተቀባይ ድርጅቶች በር ላይ በዐሥር ደቂቃ ውስጥ መልስ የሚሰጥ የወረቀት መመርመሪያ አለ፤ እሱ አለ ወይም የለም ለማለት ይበቃል።

በነዚህ መካከል የቆመው አዲሱ ብልሃት ባዮሴንሰር ይባላል። ባዮ ሕይወትን፥ ሴንሰር የሚያስተውል መሣሪያን ያመለክታል። ሁለት ክፍል አለው፦ መርዙን ለይቶ የሚይዝ ሕይወታዊ ነገርና፥ መያዙን የሚናገር ምልክት። በብዙዎቹ ዘንድ ምልክቱ ብርሃን ነው።

የሚይዘው ክፍል አንዳንዴ ሰውነት በሽታን የሚዋጋበት አንቲቦዲ ነው። እኔን ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን አፕታመር የሚባለው ነው። በ1990 በአሜሪካ በኮሎራዶ ተርክና ጎልድ፥ በቦስተን ደግሞ ኤሊንግተንና ሾስታክ፥ እርስ በርስ ሳይመካከሩ አንድ ዐይነት ዘዴ አገኙ። የዘር ቅንጣት ከሆነው ከዲኤንኤ ወይም ከወንድሙ ከአርኤንኤ የተሠሩ አጫጭር ክሮችን፥ እያንዳንዱ ፊደሉ እንዳጋጣሚ የተደረደረ፥ በትሪሊዮን የሚቆጠር ያዘጋጃሉ። ከዚያ የሚፈለገው ነገር፥ ለምሳሌ ኤም 1፥ ይቀርብላቸዋል። ያልተጣበቁበት ይታጠባሉ፤ የተጣበቁት ጥቂቶች ተባዝተው እንደገና ይፈተናሉ። ገበሬ ከመከሩ ለዘር የሚሆነውን ዛላ ደግሞ ደጋግሞ እንደሚመርጥ ማለት ነው። ከብዙ ዙር በኋላ፥ በዚያ መርዝ ዙሪያ ልክ እንደ ጓንቲ የሚታጠፍ ክር ይቀራል። ስሙም ከላቲኑ አፕቱስ፥ የሚስማማ፥ እና ከግሪኩ ሜሮስ፥ ክፍል፥ የተቀጠለ ነው።

አሁን ወደ ብርሃኑ። በክሩ ጫፍ ላይ የሚያበራ ቀለም ይታሰራል። ክሩ ብቻውን ሲሆን ግራፊን ኦክሳይድ በሚባል እጅግ ስስ የካርቦን ቅጠል ላይ ይተኛል፤ ይህ ቅጠል ደግሞ የተጠጋውን ቀለም ብርሃን ያጠፋል። እንቅብ የተደፋበት ኩራዝ ያስቡ። ማጥፋት የሚችለው ግን በቅርብ ያለውን ብቻ ነው፤ የአንድ ሚሊሜትር መቶ ሺሕኛ ያህል ከራቀ ኀይል የለውም። ወተቱ ሲጨመር ኤም 1 ካለ፥ ክሩ ቅጠሉን ትቶ መርዙን ያቅፋል፤ ከእንቅቡ ሥር ወጣ፤ በራ። መርዙ በበዛ ቁጥር ብርሃኑ ይበዛል፤ ስለዚህ አለ የለም ብቻ ሳይሆን ምን ያህል እንደ ሆነም ይነግራል። ልብ ይበሉ፤ አሁን የሚያበራው መርዙ ራሱ አይደለም፥ እኛ ያሰርንበት ቀለም ነው። የኔ ችኩል ተማሪ የተሳሳተውም እዚህ ላይ ነበር። በቀለሙ ፋንታ ኳንተም ዶት የሚባሉ ጥቃቅን ክሪስታሎችንም ይጠቀማሉ፤ በ2023 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ያስገኙት እነሱ ናቸው።

በየላቦራቶሪው ከወሰኑ በታች ያለውን መጠን እንኳ የለዩ ብዙ ሴንሰሮች ተሠርተዋል። ታዲያ ለምን በየሰፈሩ አናያቸውም? ወተት አስቸጋሪ ስለ ሆነ ነው። በጠራ ውሃ ውስጥ በደንብ የሠራው መሣሪያ፥ ወተት ውስጥ ሲገባ ስቡ ብርሃኑን ይበትንበታል፤ ፕሮቲኑ ቅጠሉን ይሸፍንበታል፤ ሪቦፍላቪን የራሱን ብርሃን ይጨምርበታል። ስለዚህ አስቀድሞ ስቡን መግፈፍ፥ ፕሮቲኑን ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ ሌላ ዕቃ፥ ሌላ ጊዜ፥ ሌላ እጅ ይጠይቃል። በጉባኤ ላይ የሚጨበጨብለት መሣሪያና አንዲት ወተት ሻጭ በጓዳዋ የምታስቀምጠው መሣሪያ ሩቅ ለሩቅ ናቸው። ይህን የምለው ሥራውን ለማቃለል አይደለም፤ «በቅርቡ በእያንዳንዱ ስልክ ላይ» የሚል ወሬ ሲሰሙ እንዳይቸኩሉ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ይህን ሁሉ ለክፍሉ ተናግሬ ስጨርስ፥ ከመጨረሻው ወንበር እጅ ተነሣ። «መምህር» አለኝ፥ «መሣሪያው ቢመጣና በኛ ወተት ላይ ቢበራ፥ እናቴ ምን ታድርግ? ትድፋው?»

በአንድ ሌሊት ካነበብሁት ሁሉ ይልቅ ይህ ጥያቄ ከበደኝ። ሴንሰር ወተት አያነጻም። ወተት የሚደፋ ሰው የዚያን ቀን እንጀራውን ነው የሚደፋው፤ ካሣ የሚከፍለው ከሌለም መሣሪያውን ከቤቱ አያስገባውም። የመለስሁለት ቀድሞ ያስታውሱልኝ ያልሁትን ነው፦ መኖው ከተለወጠ ሦስትና አራት ቀን ይበቃል። ፋጉሎው ደርቆ፥ ከመሬት ከፍ ብሎ፥ ነፋስ በሚያገኝበት ቢቀመጥ፥ የሻገተው ተለይቶ ቢጣልና ድርሻው ቢቀነስ፥ ብዙው ይቀንሳል። ቤንቶናይት የሚባል የሸክላ አፈር ከመኖ ጋር ሲደባለቅ መርዙን በላሚቱ ሆድ ውስጥ ይዞ ከእበቷ ጋር እንደሚያስወጣም ተፈትኖ ታይቷል። በአፍሪካ አንዳንድ አገሮች ደግሞ መርዝ የማይሠራውን የዚያኑ ሻጋታ ዘር ማሳ ላይ እየበተኑ መርዛሙን ቦታ ያስለቅቁታል።

ልጁ ሁሉንም በደብተሩ ጻፈ። ቅዳሜ ዕለት በቤታቸው ደጃፍ ሳልፍ እናቱ ጠርተው ቡና አጠጡኝ፤ ስለ ክፍሉ ነገር አንድም ቃል አላነሡም። የፋጉሎው ጆንያ ግን ከላሞቹ በረት ጥግ ተነሥቶ፥ በአራት ድንጋይ ላይ በተጋደመ አሮጌ በር ላይ ተቀምጦ ነበር።